በባትሪ የሚሠራ የሣር መድኃኒት መርጫ፤ አሠራሩ፣ አለካኩና ሻጩ ለገዢው ሊነግረው የሚገባ

ማንኛውም ነጋዴ እንደሚያውቀው፣ ዕቃ ተሽጦ ከሱቅ በመውጣቱ ብቻ ንግዱ ተፈጸመ አይባልም። ንግዱ ተፈጸመ የሚባለው ገዢው ዕቃውን በሥራ ላይ አውሎ ያሰበውን ጥቅም ሲያገኝበትና ሌላ ዕቃ በፈለገ ጊዜ ወደዚያው ሱቅ ሲመለስ ነው። ይህን እውነት አጥብቀው ከሚያስታውሱት ዕቃዎች አንዱ፣ በግቢ ሣር ላይ ፈሳሽ ማዳበሪያና ፈሳሽ መድኃኒት ለመርጨት የሚያገለግለው በባትሪ የሚሠራ መርጫ ነው።

የዚህ መሣሪያ ገዢዎች ልዩ ልዩ ናቸው። ሣር ያለው ግቢ የሚጠብቅ ሆቴል፣ ትምህርት ቤት፣ የስፖርት ሜዳ አስተዳዳሪ፣ እንዲሁም በመኖሪያ ቤቱ ዙሪያ ጥቂት ሣር ያለማ ሰው ሁሉ ይፈልገዋል። አትክልተኛው የመርጫውን እጀታ ቀኑን ሙሉ ከፍ ዝቅ ከማድረግ ድካም ስለሚያርፍ ዕቃው ተወዳጅ ነው። ሆኖም ገዢው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቅሬታ ይዞ የተመለሰ እንደ ሆነ፣ ቅሬታው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። አንደኛው «ሣሬ ተቃጠለ» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚል ነው። ሻጩ በፋብሪካው ያመካኛል፤ ገዢው በሻጩ ያመካኛል፤ አትክልተኛው ደግሞ ደመወዙን ይነጠቃል። ነገሩ በሚገባ ሲመረመር ግን ሁለቱም ቅሬታዎች ብዙውን ጊዜ ከአንድ ምንጭ የሚመነጩ ሆነው ይገኛሉ፤ ምንጩም የልክ ጉድለት ነው።

ባትሪው ድካምን እንጂ ልክን አይተካም። ስለዚህ መርጫውን የሚያስመጣና የሚሸጥ ሰው መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን የመሣሪያውን ልክ ጭምር ማወቅና ለገዢው ማስረዳት ይገባዋል።

የመርጫው አመጣጥ

በጀርባ የሚታዘል መርጫ በሰፊው የታወቀው በፈረንሳይ አገር የወይን ተክል በበሽታ በተጎዳበት ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 የቦርዶ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ፒየር ማሪ አሌክሲስ ሚላርዴ፣ የመዳብ ሰልፌትና የኖራ ድብልቅ የወይኑን ቅጠል ከሻጋታ በሽታ እንደሚጠብቅ አስታወቁ። ድብልቁ በቅጠሉ ላይ በስሱና በእኩልነት ካልተዳረሰ ግን ጥቅም አልነበረውም። በዚያው ዘመን ቪክቶር ቬርሞሬል የተባሉት የቪልፍራንሽ ከተማ ባለ ፋብሪካ፣ ገበሬው በጀርባው አዝሎ በእጁ እየገፋ የሚረጭበትን መሣሪያ ሠርተው ለገበያ አቀረቡ።

ከዚያ ወዲህ ታንኩ ከመዳብ ወደ ፕላስቲክ ተለወጠ እንጂ የሥራው ሐሳብ አልተለወጠም። በእጅ የሚገፋው መርጫ አንድ የተፈጥሮ ጉድለት አለበት። ሠራተኛው እጀታውን በኃይል ሲገፋ ግፊቱ ይጨምራል፤ ሲደክመው ወይም ሰላምታ ለመስጠት ቆም ሲል ይቀንሳል። ግፊቱ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር የሚወጣው ፈሳሽም ከፍ ዝቅ ይላል። በባትሪ የሚሠራው መርጫ ያመጣው ትልቅ ለውጥ ይህን ጉድለት ማቃለሉ ነው።

የአሠራሩ ሁኔታ

በባትሪ የሚሠራው መርጫ አምስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። እነርሱም ታንክ፣ ማጥለያ ወንፊት፣ ፓምፕ፣ መያዣና ዘንግ፣ በመጨረሻም ኖዝል የሚባለው የመርጫው አፍንጫ ናቸው። ባትሪው ትንሽ ሞተር ያንቀሳቅሳል፤ ሞተሩም ዲያፍራም የሚባል የጎማ ቆዳ ያለውን ፓምፕ ያሠራል። የጎማው ቆዳ ወደ ኋላ ሲሳብ ፈሳሹን ከታንኩ ይቀበላል፤ ወደ ፊት ሲገፋ ወደ ቱቦው ይሰደዋል። ሠራተኛው የመያዣውን ምላስ ሲለቅ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ይላል፤ በዚህ ጊዜ ግፊቱን የሚጠብቀው ማብሪያና ማጥፊያ ሞተሩን ራሱ ያቆመዋል። ምላሱ እንደገና ሲጫን ሞተሩ ይነሣል። አንዳንድ ዓይነቶች ግፊቱን ከፍና ዝቅ ለማድረግ የሚያስችል መቆጣጠሪያ አላቸው።

ከእነዚህ ክፍሎች ሁሉ ዋጋው ትንሽ፣ ሥራው ግን ትልቅ የሆነው ኖዝሉ ነው። ፈሳሹን ወደ ጠብታ የሚለውጠውና በየደቂቃው የሚወጣውን መጠን የሚወስነው እርሱ ነው። ለሣር የሚስማማው ፈሳሹን እንደ ማራገቢያ ጠፍጣፋ አድርጎ የሚዘረጋው ዓይነት ነው። እንደ ጉም ክብ አድርጎ የሚረጨው ግን ለዛፍና ለቁጥቋጦ ቅጠል የተሻለ ነው። ብዙ ጊዜ ከመርጫው ጋር በፋብሪካ የሚመጣው ሁለተኛው ዓይነት ስለሆነ፣ አስመጪው ጠፍጣፋውን ኖዝል ለብቻው ማዘዝ ይጠቅመዋል።

የታወቁ ፋብሪካዎች ጠፍጣፋ ኖዝሎቻቸውን በአንድ ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት በቀለም ይለያሉ። በ3 ባር ግፊት ብርቱካናማው በየደቂቃው ወደ 0.4 ሊትር፣ አረንጓዴው ወደ 0.6 ሊትር፣ ቢጫው ወደ 0.8 ሊትር፣ ሰማያዊው ወደ 1.2 ሊትር፣ ቀዩ ወደ 1.6 ሊትር ያወጣል። እነዚህን አምስት ቀለማት በቃሉ የያዘ ሻጭ ለገዢው ታላቅ አገልግሎት ይሰጣል።

ሆኖም እነዚህ መጠኖች የሚጸኑት በ3 ባር ግፊት ብቻ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ግፊት ሲለወጥ የሚወጣው ፈሳሽ ይለወጣል፤ ነገር ግን በእኩል መጠን አይደለም። ፈሳሹን እጥፍ ለማድረግ ግፊቱን አራት እጥፍ ማድረግ ይጠይቃል። በአንጻሩ ግፊቱ ከ3 ባር ወደ ሩቡ፣ ማለትም ወደ 0.75 ባር ቢወርድ፣ ቢጫው ኖዝል 0.8 ሊትር ማውጣቱን ትቶ 0.4 ሊትር ያወጣል። ከዚህም የተነሣ «ግፊቱን ጨምረህ ቶሎ ጨርስ» የሚለው ምክር ትክክል አይደለም። ግፊት ከመጠን ሲያልፍ ጠብታው እየደቀቀ ይሄድና ነፋስ ወደ ጎረቤት ይወስደዋል።

ሦስቱ የልክ ምንጮች

በሣር ላይ የሚያርፈው የመድኃኒት መጠን በሦስት ነገሮች ይወሰናል። አንደኛው ኖዝሉ በደቂቃ የሚያወጣው ፈሳሽ ነው። ሁለተኛው በአንድ ጊዜ የሚሸፍነው ስፋት ነው። ሦስተኛው የሠራተኛው እርምጃ ነው። ፓምፑ ሊያስተካክል የሚችለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የቀሩት ሁለቱ በሠራተኛው እጅና እግር ላይ ይቀራሉ።

ይህንንም በምሳሌ ለመግለጥ፣ አንድ ሠራተኛ በቢጫ ኖዝል በደቂቃ 0.8 ሊትር እየረጨ፣ 1 ሜትር ስፋት እየሸፈነ፣ በሴኮንድ 1 ሜትር ይራመዳል እንበል። ይህ ሰው በአንድ ደቂቃ 60 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። 100 ካሬ ሜትር ለመሸፈን 100 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ በዚህም ጊዜ 1.33 ሊትር ያህል ይረጫል። ስለዚህ 16 ሊትር የሚይዝ ታንክ 1,200 ካሬ ሜትር ያዳርስለታል።

በማግሥቱ በዚያው መርጫ፣ በዚያው ኖዝልና በዚያው ግፊት ሌላ ሰው ተተካ እንበል። ይህ ሁለተኛው ሰው ዕድሜው የገፋ ወይም ጥንቃቄ የሚያበዛ ስለሆነ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ብቻ ይራመዳል። 100 ካሬ ሜትር ለመሸፈን 200 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ የሚረጨውም 2.67 ሊትር ያህል ይሆናል። የእርሱ 16 ሊትር የሚያዳርሰው 600 ካሬ ሜትር ብቻ ነው።

አሁን የመድኃኒቱን ነገር እንጨምርበት። በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ የተለጠፈው መግለጫ ለ100 ካሬ ሜትር 30 ሚሊ ሊትር ይፈቅዳል እንበል፤ ይህ ቁጥር ለሒሳቡ ምሳሌ እንጂ የማንኛውም መድኃኒት ትእዛዝ አይደለም። ለፈጣኑ ሰው በ16 ሊትር ታንክ ውስጥ የሚገባው 360 ሚሊ ሊትር ነው። ለዝግተኛው ሰው ግን 180 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ዝግተኛው ሰው ፈጣኑ ያሳየውን ልክ ይዞ 360 ሚሊ ሊትር ቢጨምር፣ ሣሩ የታዘዘለትን እጥፍ ይቀበላል። ፈጣኑም የዝግተኛውን ልክ ቢወስድ ግማሹን ብቻ ያደርሳል። እንግዲህ «ሣሬ ተቃጠለ» የሚለውና «መድኃኒቱ አልሠራም» የሚለው ቅሬታ ከአንድ መርጫና ከአንድ ጠርሙስ እንዴት እንደሚወጣ በዚህ ይታወቃል። በሁለቱም ጊዜ ፋብሪካውም መድኃኒቱም አልበደሉም።

ስለዚህም «ለአንድ ታንክ ስንት ቆርኪ ልጨምር?» ብሎ ለሚጠይቅ ገዢ ቀጥተኛ መልስ የለም። ትክክለኛው መልስ «በመጀመሪያ ታንክህ ስንት ካሬ ሜትር እንደሚያዳርስ ለካ» የሚለው ነው።

ልኩን በንጹሕ ውሃ ማወቅ

መለካቱ ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም፤ አንድ ሜትር፣ አራት ችካል፣ መስመር ያለው የመለኪያ ዕቃና ንጹሕ ውሃ ይበቃል። በመጀመሪያ በሣሩ ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ቦታ፣ ማለትም 100 ካሬ ሜትር፣ በችካል ይከለላል። ታንኩ በንጹሕ ውሃ እስከ አንድ የታወቀ ምልክት ድረስ ይሞላል። ቱቦው አየር እንዳይኖረው ጥቂት ከተረጨ በኋላ ውሃው እንደገና እስከ ምልክቱ ይሞላል። ከዚያም መድኃኒቱን የሚረጨው ሰው ራሱ፣ በየቀኑ በሚራመድበት እርምጃ፣ የተከለለውን ቦታ ሁሉ ያዳርሳል። በመጨረሻም ታንኩን እስከ ምልክቱ ለመመለስ ስንት ሊትር እንዳስፈለገ በመለኪያው ይታያል። የዚያ ሰው ልክ ያ ነው።

ለምሳሌ የጎደለው 2 ሊትር ቢሆን፣ 16 ሊትር የሚይዘው ታንክ 800 ካሬ ሜትር ያዳርሳል ማለት ነው። በመግለጫው ላይ ለ100 ካሬ ሜትር የተጻፈውን መጠን በ8 ማባዛት ብቻ ይቀራል። ሠራተኛው፣ ኖዝሉ ወይም የግፊቱ መጠን በተለወጠ ጊዜ ግን መለካቱ እንደገና መደረግ አለበት። ኖዝልም በሥራ ብዛት ቀዳዳው እየሰፋ ስለሚሄድ አልፎ አልፎ ለአንድ ደቂቃ ወደ መለኪያ ዕቃ ረጭቶ መመርመር መልካም ነው።

በሚረጭበት ጊዜ ዘንጉን እንደ ማጭድ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ተገቢ አይደለም፤ በመመላለሻው ጠርዝ ላይ መድኃኒቱ ይደራረባልና። ኖዝሉን ከመሬት በአንድ ከፍታ ይዞ በቀጥታ መስመር መሄድ፣ በመስመሩም ጫፍ ላይ ከመዞር በፊት ምላሱን መልቀቅ ይገባል። ጠፍጣፋው ርጭት በጠርዙ ስስ ስለሆነ አንዱ መስመር ሌላውን በጥቂቱ ሊደርብ ያስፈልጋል።

ጊዜውም ቢሆን ልክ አለው። ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ መርጨት ይመረጣል። በአዲስ አበባና በመሳሰሉት የደጋ ከተሞች የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚጥል፣ ዘግይቶ የተረጨ መድኃኒት በቅጠሉ ላይ ሳይደርቅ ታጥቦ ይሄዳል። ታጥቦ የሄደው መድኃኒት ገንዘብ ማባከኑ ብቻ ሳይሆን ወደ ቦይና ወደ ወንዝ ይወርዳል።

የውጭ አገር መለኪያ

መድኃኒቱንና ማዳበሪያውን ከአሜሪካ የሚያስመጣ ነጋዴ፣ በዕቃው ላይ የተለጠፈው መግለጫ በሊትርና በካሬ ሜትር ሳይሆን በኦውንስ፣ በጋሎንና በካሬ ጫማ የተጻፈ ሆኖ ያገኘዋል። 1,000 ካሬ ጫማ 93 ካሬ ሜትር ያህል ነው። አንድ የአሜሪካ የፈሳሽ ኦውንስ 29.6 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ስለዚህ «ለ1,000 ካሬ ጫማ 1 ኦውንስ» የሚለው ትእዛዝ ለ100 ካሬ ሜትር 32 ሚሊ ሊትር ያህል ይሆናል። የአሜሪካ ጋሎን 3.79 ሊትር ሲሆን የእንግሊዝ ጋሎን 4.55 ሊትር ነው፤ ሁለቱን ማደባለቅ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ስሕተት ያመጣል። አስመጪው ይህን ሒሳብ አንድ ጊዜ ሠርቶ በአማርኛ ጽፎ ከዕቃው ጋር ቢሰጥ ብዙ ጉዳት ያስቀራል።

በታንኩ ውስጥ የሚገባው

በግቢ ሣር ላይ የሚረጩት ፈሳሾች በሦስት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ማዳበሪያ ነው። ዩሪያ ከክብደቱ 46 በመቶ ናይትሮጅን የያዘና በውሃ በቀላሉ የሚሟሟ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ይውላል። ነገር ግን ከመጠን በላይ ወፍሮ በቅጠል ላይ ከተረጨ ያቃጥላል። በሚገባ ያልሟሟ ፍሬም ወንፊቱንና ኖዝሉን ይዘጋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ በባልዲ አሟሙቶና አጥልሎ ወደ ታንኩ መጨመር ይገባል። ሁለተኛው የብረት ሰልፌት ነው። ይህ ሣሩን ጥቁር አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ይሁን እንጂ በሲሚንቶና በድንጋይ ንጣፍ ላይ ያረፈ እንደ ሆነ የዝገት መልክ ያለው እድፍ ይተዋል።

ሦስተኛው የአረም መድኃኒት ነው። ታላቅ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ግላይፎሴት የሚባለው መድኃኒት አረሙንና ሣሩን ሳይለይ ያደርቃል። «የአረም መድኃኒት ስጠኝ» ብሎ ለመጣ ገዢ፣ አረሙ በምን መካከል እንደ በቀለ ሳይጠይቁ ይህን መሸጥ የገዢውን ግቢ ማራቆት ነው። በሌላ በኩል በኢትዮጵያ ገበሬ ዘንድ በስንዴና በጤፍ ማሳ የታወቀው ቱ ፎር ዲ፣ ከ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ገበያ ያለ ሲሆን፣ ቅጠለ ሰፋፊውን አረም አድርቆ የሣር ወገን የሆነውን ይተዋል።

ይሁን እንጂ ሣር ሁሉ አንድ አይደለም። ኪኩዩ የሚባለው ሣር የምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ አገር በቀል ሲሆን በእኛ ደጋ ከተሞች ግቢን የሚያለብስ ብርቱ ሣር ነው። በአሜሪካ ግን ይህ ሣር በፌዴራል መንግሥት የአደገኛ አረሞች ዝርዝር ውስጥ የገባ ነው። በዚያ አገር ለሣር ከሚሸጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ትራይክሎፒር፣ ኪኩዩን ለማዳከም ጭምር ይረጫል። እንግዲህ «ለሣር ተስማሚ» የሚል ጽሑፍ አይቶ ያስመጣ ነጋዴ፣ መድኃኒቱ የሚጠብቀው የየትኛውን አገር ሣር እንደ ሆነ ካልመረመረ፣ ደንበኛው የሚወደውን ሣር የሚያዳክም መድኃኒት ሊሸጥለት ይችላል። ዕቃው ከመታዘዙ በፊት መግለጫውን እስከ መጨረሻው ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የእኛ ግቢ ሌላም ጠባይ አለው። በአንድ ግቢ ውስጥ ሣሩ፣ ጽጌረዳው፣ ጎመኑና ቲማቲሙ ጎን ለጎን ይበቅላሉ። የቱ ፎር ዲ ትርፍራፊ በታንክና በቱቦ ውስጥ በጥቂቱ እንኳ ከቀረ፣ በማግሥቱ በዚያው መርጫ ማዳበሪያ የተረጨው ቲማቲም ቅጠሉ ይጠማዘዛል። ስለዚህ ሁለት መርጫ መያዝ፣ አንዱንም «ለአረም ብቻ» ብሎ በማይለቅ ቀለም መጻፍ ከሁሉ ይሻላል። አንድ ብቻ ያለው ሰው ታንኩን፣ ቱቦውን፣ ወንፊቱንና ኖዝሉን ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ማጠብ፣ ያጠበበትንም ውሃ መድኃኒቱ በተፈቀደበት በዚያው ሣር ላይ መርጨት አለበት። በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ልዩ የአጠባበቅ ትእዛዝ ካለ ያንኑ መከተል ይገባል።

ስለ ባትሪው

ባትሪን በተመለከተ አስመጪው በቮልት ብቻ መመራት የለበትም። የባትሪ አቅም የሚታወቀው ቮልቱን በአምፔር ሰዓት በማባዛት በሚገኘው በዋት ሰዓት ነው። 12 ቮልትና 8 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 96 ዋት ሰዓት አለው። 18 ቮልትና 2 አምፔር ሰዓት የሆነው ደግሞ ቮልቱ ቢበልጥም 36 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። እንዲሁም «20 ቮልት» ተብሎ የሚሸጠው የሊቲየም ባትሪ ብዙውን ጊዜ «18 ቮልት» ከሚባለው የተለየ አይደለም። ሁለቱም አምስት ሕዋሳት ተደርድረው የተሠሩ ናቸው፤ አንዱ ፋብሪካ የሚጽፈው ባትሪው ሞልቶ የሚያሳየውን፣ ሌላው ደግሞ በአማካይ የሚሰጠውን ነው። በዚህ ልዩነት ብቻ የተጨመረ ዋጋ ያለ ምክንያት የተጨመረ ነው።

በአሁኑ ጊዜ የሚቀርቡት ባትሪዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ዋጋው የቀለለ፣ ክብደቱ ግን የበዛ ነው። ኃይሉ አልቆ ሳይሞላ ከተቀመጠ በውስጡ የሰልፌት ድንጋይ እየጠጠረ ይበላሻል። በሙቀት ውስጥም ሳይሠራበት ኃይሉ ይፈስሳል። ስለዚህ በጅቡቲ ወደብ ሙቀት ውስጥ የሰነበተ፣ ከዚያም በመጋዘን ወራት የቆየ መርጫ፣ ገና ሳይሸጥ ባትሪው የሞተ ሊሆን ይችላል። ዕቃው እንደ ደረሰ እያንዳንዱን ባትሪ ፈትሾ መሙላት፣ በመጋዘንም ሳለ በየጥቂት ወራት እየደጋገሙ መሙላት ይህን ኪሳራ ያድናል። የሊቲየም ባትሪ ቀላልና ግፊቱን እስከ መጨረሻው ጠብቆ የሚያሠራ ነው፤ ነገር ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ከተወጋ፣ ከተጨፈለቀ ወይም በማይስማማው መሙያ ከተሞላ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ሲቀመጥ እስከ ግማሹ ያህል ተሞልቶ ከሙቀት ርቆ ቢሆን ይመረጣል።

በአየር ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴም ደንቡን ማወቅ አለበት። ዩኤን 3480 በሚል ቁጥር የሚታወቀው ለብቻው የሚላክ የሊቲየም አዮን ባትሪ፣ ከኤፕሪል 1 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንገደኞች አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይጫን ተከልክሏል። በጭነት አውሮፕላን ሲላክም ከአቅሙ ከ30 በመቶ በላይ ተሞልቶ መሆን የለበትም። ትርፍ ባትሪ ለማዘዝ የሚፈልግ ሰው ይህን ከዕቃ አስተላላፊው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይገባዋል።

መሙያው ደግሞ ለብቻው መመርመር ያስፈልገዋል። የኢትዮጵያ የቤት መብራት 220 ቮልት ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ መሙያ ግን ለ120 ቮልት ብቻ የተበጀ ሊሆን ይችላል፤ በእኛ ሶኬት ላይ የተሰካ እንደ ሆነ በቅጽበት ይቃጠላል። በመሙያው ላይ «ከ100 እስከ 240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ መኖሩን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሕጉና የሰው ጤና

መርጫው ራሱ እንደ ማንኛውም መሣሪያ ነው፤ በውስጡ የሚገባው መድኃኒት ግን በሕግ የሚጠበቅ ዕቃ ነው። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674፣ ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ ወደ አገር ማስገባትንና መሸጥን ከልክሏል፤ የአረም መድኃኒትም ከዚሁ ይቆጠራል። አስመጪው ውል ከመፈራረሙ በፊት መድኃኒቱ መመዝገቡን ጉዳዩ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማረጋገጥ ይገባዋል።

ለባለ ሱቁም አንድ ከባድ አደራ አለበት። መድኃኒትን ከትልቁ ዕቃ እየቀነሱ፣ ሃይላንድ በሚባለው ባዶ የውሃ ጠርሙስ አድርጎ መሸጥ የሰው ሕይወት ሊያስጠፋ ይችላል። ጠርሙሱን ያየ ሕፃን ወይም የጠማው ሠራተኛ ውሃ ነው ብሎ ሊጠጣው ይችላልና። ከዚህም በቀር የአጠቃቀሙ መግለጫ ከዋናው ዕቃ ጋር ስለሚቀር ገዢው ልኩን የሚያውቅበት መንገድ አይኖረውም። ባዶው የመድኃኒት ዕቃም ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ ተበስቶ ከአገልግሎት ውጭ መሆን አለበት እንጂ ውሃ መቅጃ ሊሆን አይገባውም።

የሚረጨው ሰው ጓንት፣ ረጅም እጀታ ያለው ልብስ፣ ውሃ የማያስገባ ጫማ፣ የዐይን መነጽርና በመግለጫው የታዘዘውን የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ ማድረግ ያሻዋል። የተደፈነን ኖዝል በአፍ መንፋት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ታንኩ ሲሞላ ውሃው ብቻ 16 ኪሎ እንደሚመዝን አስቦ፣ ማሠሪያው የጠበቀና ክዳኑ የማያፈስ መሆኑን አስቀድሞ መመልከት ይገባል፤ የሚያፈስ ክዳን መድኃኒቱን በጀርባው ላይ ያወርድበታልና።

ከሻጩ የሚጠበቀው

ከዚህ በላይ የተገለጠውን ሁሉ ባለ ሱቁ በአራት ቀላል ሥራዎች ሊያጠቃልለው ይችላል። አንደኛ፣ መርጫውን በሸጠ ጊዜ በንጹሕ ውሃ አሠርቶ ለገዢው ያሳየው፤ ከተቻለም መሣሪያውን የሚይዘው አትክልተኛ ራሱ እንዲመጣ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ ከመርጫው ጋር ጠፍጣፋ ኖዝልና መስመር ያለው መለኪያ አብሮ ይሽጥ። ሦስተኛ፣ የ100 ካሬ ሜትሩን የልክ ሙከራ በአንድ ገጽ ጽፎ ይስጥ። አራተኛ፣ ለመለዋወጫ የሚሆኑትን የጎማ ቀለበቶች፣ ወንፊቶች፣ ፓምፖችና ባትሪዎች በመደርደሪያው ይያዝ። በጥቂት ብር የሚገዛ ቀለበት በመታጣቱ ምክንያት ደኅና መርጫ ተጥሎ ሲቀር፣ አብሮ የሚጣለው የሻጩ ስም ነው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። መርጫውን ገዝቶ በዚያው ቀን ሳይለካ ወደ ሣሩ የሚሮጥ ሰው ሣሩንም ገንዘቡንም ያጣል። ግማሽ ሰዓት ወስዶ በንጹሕ ውሃ ልኩን ያወቀ ሰው ግን መድኃኒቱን ይቆጥባል፤ ጎመኑንና ጽጌረዳውን ይጠብቃል፤ አትክልተኛውንም ያለ ጥፋቱ ከመወቀስ ያድነዋል። ያን ግማሽ ሰዓት ለገዢው ያስተማረ ነጋዴም በሚመጣው ዓመት ማዳበሪያውን፣ ኖዝሉንና ባትሪውን ከእርሱ ዘንድ የሚገዛ ደንበኛ ያተርፋል።